ጎረቤት ባይከለክልም ይጠየቃል፦ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ኃይል ስለማመንጨት

የዛሬው ትምህርታችን በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ወንዝ ከአንዱ አገር ተነስቶ ወደ ሌላው ሲፈስ፣ የላይኛው አገር ኃይል ለማመንጨት ግድብ ልሥራ ቢል የታችኛውን አገር ማስፈቀድ አለበት ወይ? ብዙ ሰው መልሱን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ከላይ የተቀመጠው «በጭራሽ» ሲል ከታች የተቀመጠው ደግሞ «እንዴታ!» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ትክክለኛው መልስ ሁለቱን ለማስታረቅ የተፈለሰፈ መሐል ሰፋሪነት አይደለም፤ ራሱን የቻለ መርህ ነው፤ በፍርድም በተግባርም ተፈትኗል። በትዕግሥት እንየው። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሁለቱን ስህተቶች እንለይ። የመጀመሪያው «በግዛቴ ውስጥ ያለ ውሃ የእኔ ነው፤ የፈለግሁትን ባደርግበት ማንም አይጠይቀኝም» የሚለው ነው። ይህን አቋም በሕግ ቋንቋ አስቀምጠው ስማቸውን ያተረፉለት የአሜሪካው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጀድሰን ሃርመን ናቸው። በ1895 ሜክሲኮ የሪዮ ግራንዴ ውሃ በላይኛው አሜሪካ በመስኖ እየተወሰደ ገበሬዎቿ መቸገራቸውን ገልጻ ስታመለክት፣ ሃርመን አሜሪካ በገዛ ግዛቷ ላይ ባላት ሥልጣን ምንም ግዴታ የለባትም ብለው አስተያየት ሰጡ። መርሁ እስከ ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራል። ይሁንና ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1906፣ ያቺው አሜሪካ ለሜክሲኮ በየዓመቱ 74 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ለመስጠት ውል ፈረመች። መርሁን ያወጣችው አገር ራሷ ልትኖርበት አልቻለችም።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው። «ወንዙ ከጥንት እንደሚፈሰው ሳይጎድልና ሳይዘገይ ሊደርሰኝ ይገባል፤ ያለ እኔ ፈቃድ ከላይ ድንጋይ አይነሳም» ይላል። ይህን የኢትዮጵያ አንባቢ አሳምሮ ያውቀዋል። በ1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ብለው ሲካፈሉ፣ ከውሃው አብዛኛውን የምታዋጣው ኢትዮጵያ አልተጠራችም፤ ድርሻም አልተተወላትም። የሌለ ሰው ድርሻ ለሁለት ተከፍሎ ሲያበቃ ውጤቱ «ታሪካዊ መብት» ተባለ።

ሁለቱ ስህተቶች መሠረታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ወንዙን የአንድ ወገን ንብረት ያደርጉታል፤ የሚለያዩት ባለቤቱ የቱ ነው በሚለው ብቻ ነው።

አሁን ትክክለኛውን መልስ ፍለጋ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ወዳሉት ፒሬኔ ተራሮች እንሂድ። ላኑ የሚባል ሐይቅ በፈረንሳይ ግዛት ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ውሃው ካሮል በሚባል ወንዝ አድርጎ ወደ ስፔን ይወርዳል፤ እዚያም የፑይግሰርዳ ገበሬዎች በቦይ እየጠለፉ ማሳቸውን ያጠጡበታል። የፈረንሳይ የኤሌክትሪክ ድርጅት ሐይቁን በግድብ ከፍ አድርጎ፣ ውሃውን በተራራው በሌላኛው ጎን ወደ አርየዥ ወንዝ ለመጣል አቀደ። በዚያ በኩል ቁልቁለቱ ከ700 ሜትር በላይ ነው። የውሃ ኃይል ደግሞ ከሁለት ነገሮች ብዜት ይገኛል፦ ከውሃው መጠንና ውሃው ከሚወድቅበት ከፍታ። ከፍታው እንዲህ ሲሆን ትንሽ ሐይቅ ብዙ ኃይል ይሰጣል።

ችግሩ አርየዥ የሚፈሰው ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሆኑ ነው፤ ስፔን ጨርሶ አይደርስም። ስለዚህ ፈረንሳይ አንድ ነገር ጨመረች፦ የወሰድኩትን ያህል ውሃ ከአርየዥ ቀድቼ በዋሻ አሳልፌ፣ ከስፔን ገበሬዎች ቦይ በላይ ካሮል ላይ እመልሳለሁ አለች። መጠኑ አይጎድልም፤ ወቅቱም አይዛነፍም። ስፔን ግን እሺ አላለችም። ክርክሯ ውሃ ይጎድልብኛል የሚል አልነበረም። በ1866 ከተፈረመው የድንበር ውል ጀምሮ እንዲህ ያለ ለውጥ ያለ እኔ ስምምነት አይደረግም፤ ውሃው በተፈጥሮ መምጣቱ ቀርቶ በጎረቤቴ መልካም ፈቃድ የሚመጣ ይሆናል የሚል ነበር። ይህን ሥጋት አቅልለን አንለፈው፤ ዛሬም ታች ያሉ አገሮች ሁሉ የሚያነሱት ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ የቀረበለት አምስት ዳኞች ያሉት የግልግል ጉባኤ ህዳር 16 ቀን 1957 ውሳኔ ሰጠ። ፍርዱ ሁለት እግር አለው፤ ትምህርቱን ለመያዝ ሁለቱንም እኩል መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ፈረንሳይ የስፔንን ፈቃድ ማግኘት አይጠበቅባትም ይላል። አንድ አገር ሥራ ለመጀመር የግድ የጎረቤቱን ስምምነት ማግኘት አለበት ከተባለ፣ ጎረቤቱ ዝም በማለት ብቻ ሁሉን ነገር ማሰር ይችላል። እንዲህ ያለ ሥልጣን ደግሞ የግዛቱ ባለቤት የሆነው አገር በግልጽ ውል ካልሰጠው በቀር አይገመትም። ሁለተኛው እግር ፈረንሳይ ለጎረቤቷ ማሳወቅ፣ የጎረቤቷን ጥቅም ከልብ መመርመር፣ በቅን ልቦና መደራደር አለባት ይላል። ለይስሙላ ተሰብስቦ መበተን፣ ያለ ምክንያት ማጓተት፣ የቀረበን ሐሳብ ሳይመለከቱ መጣል ይህን ግዴታ መጣስ ነው።

የእኛ የመስኖ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በባህላዊ መስኖ የሚተዳደር መንደር «የውሃ አባት» አለው። ውሃው የእሱ አይደለም፤ ተራውን ግን ይጠብቃል። ላይኛው ባለማሳ ቦይ ሊያሰፋ ሲፈልግ ታችኛውን ያናግራል። ታችኛው «አታስፋ» ብሎ ብቻ አያስቆመውም፤ «ተራዬ ይጎዳል» ካለ ግን ይሰማል፤ ጉዳቱም ይታያል፤ መላ ይፈለጋል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1997 ያጸደቀው የዓለም አቀፍ የውሃ መስመሮች ስምምነትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ፍትሃዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ፣ አስቀድሞ ማሳወቅና መረጃ መለዋወጥ ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ ናቸው። ድምፅ ሲሰጥ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ስምምነቱ ሥራ ላይ ለመዋል እስከ 2014 ድረስ ፈጅቶበታል። መንግሥታት መርሁን በቃል ለማመስገን ፈጣኖች፣ በፊርማ ለመታሰር ግን ዘገምተኞች ናቸው።

እስካሁን የተማርነው የመከልከልና የመጠየቅን ነገር ነው። ትብብር ግን ከዚህ ይሻገራል። ጎረቤትን አለመጉዳት አንድ ነገር ሆኖ፣ አብሮ መጠቀም ሌላ ነው። አብሮ መጠቀም እንዴት እንደሚሰላ ከኮሎምቢያ ወንዝ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም።

ኮሎምቢያ ከካናዳ ተራሮች ተነስቶ ወደ አሜሪካ ይገባል። በረዶው በግንቦትና በሰኔ ይቀልጥና ውሃው በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሰዉ መብራት አብዝቶ የሚፈልገው ግን በክረምቱ ብርድ ነው። በግንቦት 1948 ጎርፉ በኦሪገን የምትገኘውን ቫንፖርት የተባለች ከተማ ጠራርጎ ወሰደ። የከተማይቱ መከላከያ ግንብ ሆኖ ያገለግል የነበረው የባቡር ሐዲድ ድልድል ተደርምሶ፣ ከ18,000 በላይ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ሁለቱ አገሮች ከዚያ በኋላ ያዩት እውነት ይህ ነው፦ ውሃውን ለማጠራቀም ምቹው ቦታ ካናዳ ውስጥ ነው፤ ተርባይኖቹ ያሉት ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። ካናዳ የበረዶውን ውሃ በፀደይ አጠራቅማ በክረምት ብትለቅ፣ የአሜሪካ ግድቦች አንድም ተርባይን ሳይጨምሩ የበለጠ ኃይል ያመነጫሉ።

ታዲያ ያ ጭማሪ የማን ነው? በካናዳ ግዛት አንድ ኪሎ ዋት አልተመነጨም። አሜሪካ «ተርባይኑ የእኔ ነው» ልትል ትችላለች። ካናዳም «ውሃውን የያዝኩት እኔ ነኝ» ማለት ትችላለች። በጥር 1961 የተፈረመውና በ1964 ሥራ ላይ የዋለው ውል መልሱን በስሌት ሰጠ። የአሜሪካ ግድቦች ያለ ካናዳ ማጠራቀሚያ ምን ያህል ሊያመነጩ ይችሉ እንደነበር ይሰላል፤ ከማጠራቀሚያው ጋር የሚያመነጩት ይሰላል፤ ልዩነቱ ለሁለት ይካፈላል። ካናዳ የመጀመሪያዎቹን 30 ዓመታት ድርሻዋን በ254 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችና በገንዘቡ ግድቦቿን ሠራች። ለጎርፍ መከላከሉም አሜሪካ 64.4 ሚሊዮን ዶላር ለብቻው ከፈለች።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የትምህርቱ ልብ ያለው እዚህ ነው። ሁለቱ አገሮች የተካፈሉት ውሃ አይደለም፤ ከውሃው የተገኘውን ጥቅም ነው። ውሃ ሲካፈሉት ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው ይጎድላል። ጥቅም ግን በመተባበር ይጨምራል፤ የሚካፈሉትም ያለ ትብብር ያልነበረውን ነው። ለዚህም ነው ስሌቱ «ያለ ትብብር» እና «ከትብብር ጋር» ብሎ የሚጀምረው። ይህን ልዩነት አስልቶ በወረቀት ያላስቀመጠ ድርድር፣ ስለ ወንድማማችነት የቱንም ያህል ቢናገር ገና አልተጀመረም።

ውሉ እንከን የለሽ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በካናዳ በኩል የአሮው ሐይቆች ሸለቆ ሲሞላ ብዙ ሰዎች ከርስታቸው ተነሱ፤ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በድርድሩ ጠረጴዛ ወንበር አልነበራቸውም። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት ከጥቅሙ የተወሰነውን ለሸለቆው ነዋሪዎች የሚመልስ የአደራ ድርጅት ያቋቋመው በ1995 ነው፤ ውሉ ከተፈረመ ከ34 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በመንግሥታት መካከል የተደረገ ፍትሕ በመንግሥትና በገበሬው መካከል ፍትሕ ሆነ ማለት አይደለም።

ስለ ዋጋ ደግሞ ከኢታይፑ እንማር። ብራዚልና ፓራጓይ በ1973 በፓራና ወንዝ ላይ አንድ ግድብ አብረው ሊሠሩ ተዋዋሉ። ዛሬ 14,000 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ በእኩልነት የሁለቱ ነው፤ ከ20ዎቹ የማመንጫ ክፍሎች 10ሩ ለፓራጓይ፣ 10ሩ ለብራዚል የኤሌክትሪክ ስርዓት የተሠሩ ናቸው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ እኩልነት የለም። ነገር ግን ትንሿ ፓራጓይ ከድርሻዋ የምትጠቀምበት ጥቂቱን ሲሆን፣ ውሉ የተረፋትን ለሌላ አገር እንዳትሸጥ፣ ለብራዚል ብቻ እንድታስተላልፍ ያዝዝ ነበር፤ የምታገኘውም የገበያ ዋጋ ሳይሆን በውሉ የተቆረጠ ካሳ ነበር። ይባስ ብሎ የፓራጓይ ኃይል በ50 ኸርዝ፣ የብራዚል በ60 ኸርዝ ስለሚሠራ፣ ብራዚል የፓራጓይን ትርፍ ኃይል ወደ ቀጥተኛ ጅረት ቀይራ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር ወደ ሳኦ ፓውሎ አካባቢ የምትወስድበትን መሣሪያ በራሷ በኩል ተከለች። ገዢው አንድ ሆነ፤ መንገዱም አንድ ሆነ። ፓራጓይ ለዓመታት አቤት ብላ በ2009 ካሳው በሦስት እጥፍ እንዲያድግ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የግንባታው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2023 ነው። ባለቤትነት እኩል ሆኖ ዋጋና ገበያ እኩል ካልሆኑ ትንሹ አገር በገዛ ንብረቱ ላይ ጭሰኛ ይሆናል። ቃሉ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሁኔታውን የሚመጥን ሌላ ቃል የለኝም።

አፍሪካ ከእነዚህ ትማር እንጂ የምታስተምረው የላትም ብላችሁ እንዳታስቡ። በምዕራብ አፍሪካ የሴኔጋል ወንዝ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ወደ መርሁ ይጠጋል። ከ1968 ጀምሮ ድርቅ ሳህልን ሲያጠቃ፣ ማሊ፣ ሞሪታኒያና ሴኔጋል በ1972 የጋራ የወንዝ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ ወንዙ የሚነሳባት ጊኒ ደግሞ በ2006 ገባች። በ1978 የፈረሙት ውል የሚገርም ነው። በማሊ መሬት ላይ የሚሠራው የማናንታሊ ግድብ የማሊ ሳይሆን የሦስቱ አገሮች የማይከፋፈል የጋራ ንብረት ነው አለ። ማሊ «በግዛቴ ነው» ብላ አልተከራከረችም። ወጪውን ለመስኖ፣ ለኃይልና ለመርከብ ጉዞ እያንዳንዱ አገር በሚያገኘው ጥቅም ልክ አሰሉት። ከግድቡ ኃይል 52 በመቶ ለማሊ፣ 33 በመቶ ለሴኔጋል፣ 15 በመቶ ለሞሪታኒያ ደረሰ።

ውሉ የተፈተነው በሚያዝያ 1989 ነው። በሴኔጋልና በሞሪታኒያ መካከል ግጭት ተነስቶ ብዙ ሰው አለቀ፤ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ተቋርጦ እስከ 1992 ቆየ። የወንዙ ድርጅት ግን አልፈረሰም። የጋራ ዕዳ ያለባቸው፣ የጋራ ንብረት ያላቸው አገሮች ቢጣሉም የሚገናኙበት አንድ ቢሮ ቀርቷቸው ነበር። በእርግጥ ግጭቱና የገንዘብ ችግሩ ዋጋ አስከፍለዋል፤ በ1988 የተጠናቀቀው ግድብ 200 ሜጋ ዋቱን ማመንጨት የጀመረው በ2001 መጨረሻ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃው ተርባይን ሳያዞር አለፈ።

ጉዳቱንም አልደብቅም። ለማናንታሊ 10,000 ያህል ሰዎች ተነስተዋል። ወደ ባማኮ፣ ወደ ዳካርና ወደ ኑዋክሾት የተዘረጋው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር በግድቡ ዙሪያ ባሉ መንደሮች አናት ላይ ሲያልፍ፣ መንደሮቹ ግን በጨለማ ቀርተው ነበር። ከግድቡ በታች የጎርፍ ውሃ ሲሸሽ ዘርተው ያጭዱ የነበሩ ገበሬዎች ጎርፋቸውን አጡ። ከባሕር አጠገብ የተሠራው የዲያማ ግድብ ጨዋማውን ውሃ ሲመልሰው፣ ቀንድ አውጣውና ቢልሃርዚያው በሴኔጋሏ በሪሻር ቶል አካባቢ ተስፋፉ። በ2002 አገሮቹ የፈረሙት የውሃ ቻርተር ይህንን ለማረም የመጣ ነው፤ ውሃ ለመጠጥ፣ ለዓሣ፣ ለእርሻና ለጤና ያለውን ድርሻ ከኃይል ጎን አስቀመጠ። ዘግይቷል፤ መምጣቱ ግን ከብዙዎቹ ይሻላል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ አቅም ይዞ በመስከረም 2025 ተመርቋል። በላኑ ፍርድ መሠረት ኢትዮጵያ ለመሥራት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አልነበረባትም፤ ይህን በሙሉ አፌ እናገራለሁ። በዚያው ፍርድ ሁለተኛ እግር መሠረት ደግሞ የታችኞቹን ጥቅም የመመርመርና በቅን ልቦና የመነጋገር ግዴታዋ ግድቡ ሲመረቅ አላበቃም። በመጋቢት 2015 ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብፅ መሪዎች የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ ፍትሃዊ አጠቃቀምንና ጉልህ ጉዳት አለማድረስን ይዟል፤ ከግድቡ የሚመነጨውን ኃይል ለመግዛትም የታችኞቹ አገሮች ቅድሚያ እንደሚያገኙ ይናገራል። የኮሎምቢያን ዓይነት ስሌት ግን የለውም። ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ ውሃ ሲደርሳቸው፣ የሱዳን ግድቦች የተሻለ ኃይል የማመንጨት ዕድል ያገኛሉ፤ ደለሉም ይቀንስላቸዋል። ያ ጥቅም ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚካፈል የተጻፈበት ውል የለም። ይህ የጎደለ ስሌት ከኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች በኩል ሊነሳ ይገባ ነበር፤ ላይ ያለው አገር በስሌቱ ተጠቃሚ እንጂ ተጎጂ አይሆንምና።

በሌላ በኩል ውሃ ሳይነካ የሚሠራ ትብብር አለ፤ እሱም የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች፤ ወደ ሱዳንም መስመር ተዘርግቷል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የሚደርሰው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቀጥተኛ ጅረት መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው፤ ሽያጩ በኅዳር 2022 በ200 ሜጋ ዋት ተጀምሯል። በእነዚህ መስመሮች ኢትዮጵያ ከአንድ በላይ ገዢ አላት፤ ኬንያም ከአንድ በላይ ምንጭ አላት። ፓራጓይ ያጣችው ነገር ይህ ነው።

ይህን ትምህርት ለምትከታተሉ ሁሉ፣ በተለይም ለወጣት መሐንዲሶችና ለሕግ ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። የሱዳን የሮሴይሬስ ግድብ ከሕዳሴው ግድብ በታች ሩቅ አይደለም፤ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ማወቅ ለሮሴይሬስ ሠራተኞች የበር መክፈትና መዝጋት ጉዳይ ነው። የዕለት መረጃ ልውውጥ ማንም መሪ ቢቀየር በማይቀየር ውል ይታሰር ብላችሁ ጠይቁ። ግድቡ በሚገኝበት በጉባ አካባቢ ከመሬታቸው ለተነሱ ሰዎችም፣ ከግድቡ ከሚገኘው ገቢ የሚደርሳቸው ድርሻ በሕግ ይጻፍላቸው። የአሮው ሐይቆች ሰዎች ከጥቅሙ የተመለሰላቸው ዘግይቶ ነው፤ የጉባ ሰዎች ያን ያህል መጠበቅ የለባቸውም።